ጣዕም ቅንጦት ነውን?

ስለ ምግብ በተነሣ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። አንደኛው «ይበቃልን?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ይጣፍጣልን?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን የሚጠይቀው ሆድ ሲሆን ሁለተኛውን የሚጠይቀው ምላስ ነው። በብዙ ሰው ዘንድ፣ በተለይም ስለ ድኻው ኑሮ በሚያስቡና በሚወስኑ ሰዎች ዘንድ፣ የሆድ ጥያቄ የግዴታ፣ የምላስ ጥያቄ ግን የቅንጦት ተደርጎ ይቆጠራል። አስቀድሞ ይጥገብ፤ ከጠገበ በኋላ ስለ ጣዕም ይታሰብለታል ይባላል። አነጋገሩ ቀናና ርኅራኄ ያለው ይመስላል። ሲመረመር ግን ስለ ሰው ምንነት አንድ ከባድ ፍርድ በውስጡ ደብቆ ይዟል። ይኸውም ድኻ ሆድ እንጂ ምላስ የለውም የሚል ፍርድ ነው።

ይህን ፍርድ ለመመርመር ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ ተገቢ ስፍራ ናቸው። ዋግ ተከዜና ገባሮቹ ሸንሽነው የቆራረጡት ተራራማ አገር ነው። ኽምጣንጋን የሚናገረው የአገው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የኖረበት፣ ዋግ ሹሞች በተከታታይ የገዙት፣ በ1860 ዓ.ም. ዋግ ሹም ጎበዜን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ አሰኝቶ ለዙፋን ያበቃ አገር ነው። ሰቆጣም ከአፋር ረባዳ ምድር እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ጨው ወደ መኻል አገር ከመሻገሩ በፊት የሚራገፍባት የታወቀች ገበያ ነበረች። አሞሌ በዚያ ዘመን ገንዘብ ነበር፤ ገንዘብ ከመሆኑ በፊት ግን ጣዕም ነበር። ነጋዴው ቆጥሮ የሚቀበለውን ያንኑ ነገር ባለቤቱ ሸርፋ ወጥ ታጣፍጥበት ነበር። ስለዚህ የሰቆጣ ስም ከሩቅ የተሰማው በጣዕም አማካይነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኋለኛው ዘመን ግን የዋግ ስም ከረኃብ ጋር ተቆራኘ። ከብቱን ሁሉ የፈጀውና «ክፉ ቀን» የተባለው የ1880ዎቹ ዓ.ም. መዓት፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ድርቅ፣ በ1977 ዓ.ም. ዓለምን ያስደነገጠው ረኃብ በእነዚህ ተራራዎች ላይ አልፈዋል። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. የኮረም መጠለያ ምስል በቢቢሲ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ በዚያ ሜዳ ላይ በብርድ ተኮራምተው ከነበሩት መካከል ከዋግ የወረዱ ገበሬዎች ይገኙበት ነበር። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ጦርነት ሕዝቡን ከአበርገሌና ከፃግብጂ አፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ አምጥቷል፤ ድርቁም በላዩ ተጨምሮበታል። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ሲወስን፣ ውሳኔው የተሰየመው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 38ቱ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። የጨው ገበያ በነበረችው ከተማ ስም የረኃብ መሐላ መማሉ የዚህ አገር ታሪክ በሁለት ቃላት ሲጠቃለል ምን እንደሚመስል ያሳያል።

በድርቅ ዘመን በእንዲህ ያለ አገር ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የተለመደው የዕርዳታ ድርሻ ለአንድ ሰው ለአንድ ወር 15 ኪሎ ግራም እህል፣ 1.5 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። አንዲት እናት ድርሻዋን ተቀብላ፣ አዝላ ወይም በአህያ ጭና ወደ ቤቷ ስትመለስ በገበያው በኩል ታልፋለች። ከስንዴው ሁለት ሦስት ጣሳ ቀንሳ ትሸጣለች። በገንዘቡም የወፍጮ ትከፍላለች፤ ጨው ትገዛለች፤ ጥቂት በርበሬ ትገዛለች፤ ከተረፋትም አንድ እፍኝ ቡና ትጨምርበታለች። ይህን የሚያይ መዝጋቢ በደብተሩ ላይ «ዕርዳታው ለሌላ ዓላማ ዋለ» ብሎ ይጽፋል። ከሩቅ የሚሰማውም ሰው «ተራብሁ የሚል ሰው እህል ሽጦ በርበሬ ይገዛልን?» ይላል። ለመሆኑ ይህች ሴት አጥፍታለችን?

አጥፍታለች የሚለው ወገን ያለውን ክርክር አቃሎ ማየት አይገባም። የቀነጨረ ሕፃን የሚያስፈልገው ኃይል ሰጪና ገንቢ ምግብ ነው፤ በርበሬ ከዚህ የሚያበረክተው እጅግ ጥቂት ነው። የጭነት መኪናው የተወሰነ፣ ገንዘቡም የተቆጠረ ነው። በአንድ ኪሎ በርበሬ ዋጋ ብዙ ኪሎ ስንዴ ይገዛል። ለሺህ አፍ የሚበቃውን ለማዳረስ የተቀመጠ ሰው ስለ እያንዳንዱ ምላስ ቢጨነቅ ብዙ ሰው ሳይደርሰው ሊሞት ይችላል። በዚህ ስሌት ውስጥ ክፋት የለም። ስሌቱ በራሱ ስፍራ ትክክል ነው። ስሕተት የሚሆነው ስፍራውን ለቅቆ ሲወጣ፣ ማለትም የመኪናውን ጭነት ለመወሰን የተሠራው ሂሳብ የሰውን ምንነት ለመፍረድ ሲውል ነው። መጋዘኑ በርበሬን አለማካተቱ አንድ ነገር ነው፤ ሴትዮዋ በርበሬ በመፈለጓ መወቀሷ ሌላ ነገር ነው።

በርበሬ በእርግጥ የጠገበ ሰው ጌጥ ነውን? የዚህን መልስ ከታሪክ መፈለግ ይቻላል። ጉዳዩም ከዋግ ተነሥቶ እስከ ምዕራብ ቻይና ይደርሳል።

ዛሬ በርበሬ የሌለበትን የኢትዮጵያ ገበታ ማሰብ ያዳግታል። ነገር ግን ተክሉ የዚህ ምድር አይደለም። የበርበሬ ትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1492 ኮሎምቦስ ውቅያኖሱን ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካም፣ በአውሮፓም፣ በእስያም አንድ ፍሬ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በፖርቱጋሎችና በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች እጅ እየዞረ ወደ ምሥራቁ ዓለም ገባ። የኢትዮጵያ ሰው ከዚያ በፊት ወጡን የሚያጣፍጠው በጨው፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝ፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ ነበር። የሩቁ እንግዳ ሲመጣ ግን በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ነባሮቹን ሁሉ በዙሪያው አሰልፎ የወጡ ንጉሥ ሆነ።

ወደ ቻይናም የገባው በዚያው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1591 ጋኦ ሊያን የተባለው ጸሐፊ ስለ ተክሉ ሲጽፍ ነጭ አበባ ያለው፣ ፍሬው ያረጀ የብሩሽ ብዕር ጫፍ የሚመስል፣ ቀይና የሚያቃጥል፣ ለዓይንም ደስ የሚያሰኝ መሆኑን ገልጿል። በዚያ ጊዜ በርበሬ የባለጸጋ አትክልት ቦታ ጌጥ ነበር ማለት ነው። ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ምግብ የሆነው በድኻ እጅ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተጻፈ የጉይጆው ክፍለ ሀገር መዝገብ እንደሚለው፣ ጨው የሌለውና ጨው የሚወደድበት የዚያ ተራራ ሕዝብ በርበሬን በጨው ፈንታ ይበላው ነበር። ጉይጆው የሲቹዋን ጎረቤት ናት። የሲቹዋን ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ በርበሬን «የባሕር ቅመም» በሚል ትርጉም «ሀይጂያው» ይሉታል። ከባሕር እጅግ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች በስሙ አማካይነት እንግድነቱን ሳይረሱ፣ ከእነርሱ በላይ ባለቤት የሌለው እስኪመስል ድረስ የራሳቸው አድርገውታል።

የሲቹዋን የሚፋጅ ድስትም እንዲሁ ከድኻ ጓዳ የወጣ ነው። በያንግትሴ ወንዝ ዳር በቾንግቺንግ ከተማ ጀልባ ጎታቾችና ተሸካሚዎች፣ ሀብታም የማይበላውን አንጀትና ጨጓራ በርካሽ እየገዙ፣ ጠረኑን በበርበሬና በአገሬው ቅመም እየሸፈኑ በአንድ ድስት ዙሪያ ተሰብስበው ይበሉ እንደ ነበር ይነገራል። መረቁን አስቀርቶ በደረቁ የሚጠበሰው ዓይነት፣ በአገሩ ቋንቋ «ማላ ሺያንግ ጉዎ» የሚባለው፣ የዚያው ቤተሰብ የቅርብ ዘመን ልጅ ነው። ከሲቹዋን አልፎ በቻይና ታላላቅ ከተሞች ከተስፋፋ በኋላ ቻይናውያን በሄዱበት ሁሉ ተከትሏቸዋል። ቻይናውያን በመንገድ ሥራ፣ በፋብሪካና በንግድ በብዛት በሚገኙባት በአዲስ አበባም የሲቹዋን ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች ተከፍተዋል።

አሠራሩ ልብ ሊባል ይገባዋል። ተመጋቢው በመደርደሪያ ላይ ከተደረደረው ጎመን፣ ድንች፣ እንጉዳይ፣ የሎተስ ሥር፣ የአኩሪ አተር እርጎ፣ ሥጋና ዓሣ የፈለገውን እየመረጠ በሳሕን ያከማቻል። ምርጫው በሚዛን ተመዝኖ ይተመናል። ምን ያህል እንዲያቃጥል እንደሚፈልግ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ የመረጠው ሁሉ በአንድ ብረት ድስት ውስጥ ከደረቅ በርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከተብላላ የባቄላ ድልህ ጋር በኃይለኛ እሳት ይጠበሳል። በመጨረሻም በአንድ ትልቅ ሳሕን በመካከል ይቀርብና ሁሉም በየበትሩ እያነሣ ከነጭ ሩዝ ጋር ይበላዋል። «ማ» ማደንዘዝ፣ «ላ» ማቃጠል ነው። የሚያደነዝዘው «ኹዋጂያው» የሚባል፣ የሎሚና የብርቱካን ዘመድ የሆነ እሾኻማ ቁጥቋጦ የፍሬ ቅርፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በለንደን የተደረገ ጥናት እንዳረጋገጠው ይህ ቅመም በከንፈር ላይ የሚፈጥረው ስሜት በሴኮንድ 50 ጊዜ ከሚርገበገብ ንዝረት ጋር ይመሳሰላል። በደረቅ ጥብስና በአዋዜ ያደገ ኢትዮጵያዊ በዚያ ገበታ ሲቀርብ ማቃጠሉን እንደ ዘመድ ይቀበለዋል፤ ማደንዘዙ ግን ቅርንፉድ የነከሰ ያህል ያስገርመዋል። ሩቅ ለሩቅ የሆኑ ሁለት ደጋማ አገሮች ከአንድ እንግዳ ተክል ጋር ተወዳጅተው፣ ሁለት ልዩ ልዩ ቋንቋ ሠርተውበታል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። በርበሬ ከጌጥነት ወደ ምግብነት የተሸጋገረው በባለጸጋው ምርምር አይደለም። ሌላ ማጣፈጫ ያጣው ድኻ ዐይኑን በጣለበት ጊዜ ነው። ሥጋ የሌለው ወጥ፣ ቅቤ የሌለው ሽሮ፣ ወጥ የሌለው እንጀራ በእርሱ ይበላል። በሰሜን ኢትዮጵያ እንጀራን በድልህ ብቻ መብላት የጦም ሰው ልማድ ብቻ ሳይሆን የችግር ቀን ምግብም ነው። ስለዚህ በርበሬን የቅንጦት መዝገብ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ታሪኩን ገልብጦ አንብቦታል። ቅንጦት ብዙ ነገር ያለው ሰው በላዩ የሚጨምረው ነው። በርበሬ ግን ብዙ ነገር የሌለው ሰው የጎደለውን የሚሸፍንበት ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው በዚህ አያበቃም። «መሸፈኛ ከሆነ የማታለያ ዓይነት ነው» የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። ምላስን አቃጥሎ ሆድን ማስረሳት ለድኻ ምን ይጠቅመዋል? እዚህ ላይ የበርበሬን ጠባይ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በርበሬ በትክክል ሲነገር ጣዕም አይደለም፤ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴቪድ ጁሊየስና የሥራ ባልደረቦቹ እንዳስረዱት፣ በበርበሬ ውስጥ ያለው የሚፋጅ ቅመም የሚነካው ሰውነት ከ43 ዲግሪ በላይ የሆነ ግለት ሲያገኘው «ተቃጠልህ» ብሎ የሚያስጠነቅቀውን ያንኑ የነርቭ በር ነው። ይህ ግኝት እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት አስገኝቷል። ምላስ ሳይቃጠል ተቃጠልሁ ይላል፤ ዐይን ያነባል፤ ግንባር ያልባል። ሰው ግን እንደገና ይቆርሳል። ታዲያ ሰው ሕመምን ፈልጎ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ እንግዳም ጋብዞ የሚበላው ለምንድን ነው?

መልሱ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ይህ ሕመም በፈቃድ የመጣ ነው፤ ማንም አልጫነበትም። ሁለተኛ፣ ወሰን አለው፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚበርድ የሚበላው ሰው ያውቃል። ሦስተኛ፣ በአብዛኛው ብቻ አይበላም፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይሥቅበታል፤ የሣቀውም በተራው ያለቅሳል። በፈቃድ የሆነ፣ ወሰን ያለውና ከሌላ ጋር የሚካፈሉት ሕመም ወደ ደስታ ይለወጣል።

ረኃብ በእነዚህ ሦስት መለኪያዎች ሲመዘን የበርበሬ ፍጹም ተቃራኒ ሆኖ ይገኛል። በፈቃድ አይመጣም። ወሰኑ አይታወቅም። ሰውንም ከሰው ይለያል። ከረኃብ ታሪክ ሁሉ ከሞት ቀጥሎ የሚያስፈራው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይሸሸጋል፤ በጠገበ ቀን በር ከፍቶ «እንብላ» ይል የነበረው ሰው በሩን ዘግቶ ይቆረጥማል። ጦምም ቢሆን ከረኃብ የሚለየው በዚሁ ሚዛን ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዓመት ከ180 በላይ የጦም ቀናት አሉ። የዋግ ገበሬ እነዚህን ቀናት ይጦማል፤ ቢሆንም ተራብሁ አይልም። የወደደውን፣ የሚፈታበትን ቀን የሚያውቀውንና ከመንደሩ ሁሉ ጋር የሚጦመውን ጦም ከረኃብ ጋር የሚያመሳስለው ባዶ ሆድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ስንዴ ሽጣ በርበሬ የገዛችው ሴት ያደረገችው ነገር በዚህ ብርሃን ሲታይ ትርጉሙ ይለወጣል። ድርቁን አልመረጠችም። መጠለያውን አልመረጠችም። ስንዴውን አልመረጠችም፤ መጠኑንም፣ የሚታደልበትንም ቀን፣ የምትሰለፍበትንም ስፍራ ሌላ ሰው ወስኖላታል። ከዚህ ሁሉ መካከል በራሷ ፈቃድ የወሰነችው ነገር ቢኖር ያ አንድ እፍኝ በርበሬ ነው። በእርሱም ታዳይ መሆኗ ለጥቂት ጊዜ ቀርቶ ባለቤት ትሆናለች፤ የታደለውን እህል ምግብ ታደርገዋለች፤ ልጆቿን «ተቀበሉ» ሳይሆን «ኑ ብሉ» ብላ ትጠራለች። በልቶ መኖርና ማዕድ መቅረብ አንድ አይደሉም። እንስሳም በልቶ ይኖራል። ስለዚህ ሴትዮዋ ከሆዷ ቀንሳ ለምላሷ አልሰጠችም፤ ከሆዷ ቀንሳ ለሰውነቷ ሰጠች ማለት ይቀላል።

ፈቃድ በምግብ ነገር ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያቺው ሲቹዋን በመራራ መንገድ ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1958 በቻይና ገጠር የጋራ መመገቢያ አዳራሾች በተቋቋሙ ጊዜ ገበሬው የየራሱን ምድጃ እንዲተው ተደረገ። ብዙ የብረት ድስትም ብረት ለማምረት ሲባል ወደ ማቅለጫ ገባ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፤ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል፤ ሴቶችም ከጓዳ ጭስ ይድናሉ። ነገር ግን ከእህሉ እጅግ ብዙው ለመንግሥት ተሰብስቦ፣ የሐሰት የምርት ቁጥር ከታች ወደ ላይ እየተላለፈ፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 ድረስ ታላቅ ረኃብ ሆነ። ከሁሉ የከፋ ጉዳት ከደረሰባቸው ክፍላተ ሀገር አንዷ ለምለሟ ሲቹዋን ነበረች፤ በእርሷ ብቻ ሚሊዮኖች አለቁ። የራሱ ድስት የሌለው ገበሬ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ቅጠል እንኳ የሚቀቅልበት ዕቃ አልነበረውም። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት በጋራ መብላት ክፉ ነው የሚል አይደለም። የወንዝ ዳሩ ተሸካሚዎችም ከአንድ ድስት በልተዋል። ልዩነቱ እነርሱ ወደ ድስቱ የመጡት ወድደው፣ ያመጡትንም የሚያውቁ ሆነው ነው። በትእዛዝ የተዘረጋ ማዕድ ሲበዛ አዳራሽ ይሞላል፤ ማዕድ ግን አይሆንም።

በኢትዮጵያም ቢሆን ይህ ትምህርት ሳይታወቅ አልቀረም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ዋግ ኽምራን ጨምሮ የምግብ እጥረት ደጋግሞ በሚያጠቃቸው ወረዳዎች የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ድጋፉን በእህል ብቻ ሳይሆን በጥሬ ገንዘብም መስጠቱ ተረጂውን ገበያተኛ አድርጎታል። እርግጥ ነው፣ ዋጋ ሲንር ገንዘቡ በእጅ ላይ ይሟሟል፤ እህልም በገበያ በማይገኝበት ስፍራ ብር አይቆረጠምም። ምርጫ ያለ እህል ባዶ ቃል ነው። ነገር ግን የሁለቱም ችግር ሲታይ፣ ሰውን ከምርጫ ጋር መመገብ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በተግባር መነሣቱ ራሱ አንድ እርምጃ ነው።

አሁን ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ክርክር ሊታይ ይገባል። ጣዕም የሰውነት መብት ከሆነ፣ በአዲስ አበባ በሚዛን እየተመዘነ በሚቀርበው በዚያ የሚፋጅ ድስት ፊት የተቀመጠው ሰው፣ ለአንድ እራት የአንድን የዋግ ቤተሰብ የሰነበተ ቀለብ ቢከፍል ምን ይባላል? እርሱም ምላሱን አክብሮ ነውና ይመስገን? «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» የሚለው ምሳሌ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተቀመጠ ነው።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ጣዕምን ራሱን መኰነን አይደለም። ያ ሰው በርበሬውን ቢተው የዋግ ሕፃን አይጠግብም። ጥፋቱ ምግቡ መጣፈጡ ላይ አይገኝም፤ ጥፋት ካለ የሚገኘው ጣዕሙ ገበታውን በመዝጋቱ ላይ ነው። ጣዕም ሁለት መንገድ አለው። አንዱ መንገድ ሰውን ወደ ሌላው ያወጣዋል፤ የጣፈጠው ሰው ብቻውን መብላቱ ያሳፍረዋል፤ ይቆርሳል፤ ያጎርሳል። አገሬው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚለው አንዱን ሁለት፣ ሁለቱንም ሦስት ለማድረግ ነው። ሌላው መንገድ ሰውን ወደ ራሱ ያጥፈዋል፤ ምላሱን እያሠለጠነ ዐይኑን ያሳውረዋል፤ በመጨረሻ የሚጣፍጠው ምግቡ መሆኑ ቀርቶ ሌላው ያላገኘው መሆኑ ብቻ ይሆናል። ቅንጦት የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ቅንጦት የሚለካው በዋጋና በቅመም ብዛት አይደለም። ሁለት ሰዎች ያንኑ ወጥ ቢበሉ፣ ለአንደኛው ማዕድ፣ ለሁለተኛው ቅንጦት ሊሆን ይችላል።

ገበታውን ከሚዘጉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ድካምን አለማየት ነው። በርበሬ ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይለቀማል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ይቀነጠሳል፤ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይደለዛል፤ ተመልሶ ይደርቃል፤ ይታመሳል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል ወይም ወደ ወፍጮ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያስነጥሰው፣ የሚያስለው፣ እጅን ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግብ የሚያድረው ማቃጠል የሚደርሰው በሴቶች ላይ ነው። ተመጋቢው በፈቃዱ የሚቀበለው ጥቂት ደቂቃ ሕመም ለወቃጯ የሙሉ ቀን ግዴታ ነው። በሲቹዋን ምግብ ቤት ጓዳም ቢሆን በሚነደው ዘይትና በርበሬ ጭስ ፊት የሚቆም ሰው አለ። ጣዕምን መብት ብሎ የሚከራከር ሰው ስለ እነዚህ እጆች ካልተናገረ ክርክሩ ግማሽ ነው። ፈቃድ የሰውነት ምልክት ከሆነ፣ የበላተኛው ፈቃድ በወቃጯ ግዴታ ላይ ሊቆም አይገባውምና።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ስለ በርበሬ ብቻ የተባለ አይደለም። የኪነ ጥበብ ሰዎችና መምህራን በድኻ አገር ውስጥ ዘወትር የሚቀርብባቸው ክስ በቃላቱ ሳይቀር ከዚሁ ክስ ጋር አንድ ነው። ሕዝብ እየተራበ ቴአትር ምን ያደርጋል? ትምህርት ቤቱ ጣሪያው እያፈሰሰ ሥዕል ማስተማር ለምን ይጠቅማል? መጀመሪያ ይጥገብ፤ ከዚያ ግጥም ይደርስለታል ይባላል። ይህም አነጋገር እንደ ፊተኛው ርኅራኄ መስሎ ይታያል፤ እንደ ፊተኛውም ድኻን ሆድ ብቻ ያደርገዋል።

የዋግና የላስታ፣ የወሎም ሕዝብ በዚህ ፍርድ ተስማምቶ አያውቅም። እጅግ በከፋው ዘመን እንኳ ሟቹን ያለ ሙሾ አልቀበረም፤ ከብቱ ያለቀበት እረኛ ዋሽንቱን አልጣለም፤ ክፉ ቀንንም ለልጅ ልጅ ያስተላለፈው ከሁሉ አስቀድሞ በቃል ግጥምና በተረት ነው። አያቶቹ በዚያው የሰቆጣ አካባቢ ዐለት ፈልፍለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ሲያንጹ እህል ተርፏቸው አልነበረም። ሕዝቡ ጥበብን ከጥጋብ በኋላ እንደሚመጣ ማወራረጃ አድርጎ አልቆጠረውም። የማይጣፍጠውን ኑሮ ለመብላት የሚያስችል፣ ተቀባዩን ባለቤት የሚያደርግ ቅመም አድርጎ ይዞታል።

ይህ ለኪነ ጥበብ ሰው ምስጋና ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው። በርበሬ ቅንጦት የሚሆንበት ቦታ እንዳለ ሁሉ ግጥምም ቅንጦት የሚሆንበት ቦታ አለ። ገበታውን የዘጋ፣ የተማረ ለተማረ ብቻ የሚያጎርሰው፣ የወቃጩን ድካም የማያይ ጥበብ ቢከሰስ ክሱ ሐሰት አይሆንም። እንዲሁም እህል የሌለበትን ድስት በበርበሬ ብቻ አቅልቶ የሚያቀርብ፣ ረኃብን በሚያምር ቃል ሸፍኖ «ሁሉ ደኅና ነው» የሚል ጥበብ ማታለያ ነው፤ በእርግጥም በዚህ ጊዜ ተከራካሪው ያለው እውነት ይሆናል። ቅመም እህልን አይተካም። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በስንዴ፣ በወተት፣ በንጹሕ ውሃና በጤና ጣቢያ ይፈጸማል እንጂ በስንኝ አይፈጸምም። ስንኙ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ቃል የተገባለት ሕፃን የሚዛን ቁጥር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ይጠብቀዋል።

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል ያገሩ ሰው። አሞሌ በተራገፈባት ገበያ ይህ ምሳሌ ነገሩን ከነመልኩ ያሳያል፤ አሞሌ ከድንጋይ የሚለየው በመልኩ አይደለም፤ በጣዕሙ ነው። ሰውም ከሚታደልለት የእህል መጠን የሚለየው በዚሁ ነው። ስለዚህ በዕደላው ሰልፍ ፊት ደብተር ይዞ የሚቆም ሰው፣ ሁለት ጣሳ ስንዴ ወደ ገበያ ሲሄድ ባየ ጊዜ፣ «ጎደለ» ብሎ ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ እርሱ ዛሬ ማታ ቤቱ ሲገባ ጨውና በርበሬ የሌለው ንፍሮ ቢቀርብለት፣ በልቶ ከጠገበ በኋላ እራት በላሁ ይላልን?